መቀነትሽን ፍቺ

ሲስተር ፀዳለ ማረፏን የነገረችኝ የእህቷ ልጅ ሕይወት ናት። ስልኩን ሳነሳ ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ ማልቀስ ስለጀመረች ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ምን አግኝቷት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ጎረቤት እንዳይሰማባት የፈራች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሆዷን ነው» አለችኝ። በእኛ አገር ሰው በልቡ ሲሞት፣ በመኪና ሲሞት ጮክ ተብሎ ይነገራል። ሴት ከእምብርቷ በታች ታማ ስትሞት ግን ድምፅ ዝቅ ይላል። ሲስተር ፀዳለ ዕድሜዋን ሙሉ የተጣላችው ከዚህ ሐፍረት ጋር ነበር፤ ሞታም እንኳ አለቀቃትም።

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስለ እሷ የሚባለውን ሰማሁ። ደግ ነበረች፣ ታጋሽ ነበረች፣ አነጋገሯ እንዴት ለስላሳ ነበር ይላሉ። ለስላሳ ሲሉ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ጎንደር ከገባች በኋላ ያወቋት ሰዎች ናቸው። እኔ ያወቅኳት ድምፅዋ ከክሊኒኩ ተነሥቶ ወፍጮ ቤቱን አልፎ በሚሄድበት ዘመን ነው።

በሕይወት ሳለች «እርስዎ» ነበር የምላት። አሁን «እሷ» ስላት ድፍረት ይመስልብኛል፤ ግን ራሷ ናት «አንቺ በይኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ» እያለች ስትለምነኝ የኖረችው። ያኔ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ልመናዋን ዛሬ ልፈጽምላት።

ከተማችን በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ መንገድ ዳር ያለች ናት። ከተማ የምላት ስለተወለድኩባት እንጂ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ ክሊኒክ፣ ከፍ ብሎ በጽድ የተከበበ የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ የቀረው የገብስ ማሳ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ወደ ሊማሊሞ የሚያልፈው አብዛኛው የወታደር መኪና ነበር። ሲስተር ፀዳለ ከደሴ በምደባ መጣች፤ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሱሪ የምትለብስ፣ ስትራመድ መሬቱን የተቀየመችው የምትመስል ቀጭን ሴት ነበረች። አባቷ ጆሯቸው ከባድ ስለነበር እየጮኸች ነው ያደገችው። የክሊኒኩ ግድግዳ ደግሞ ጣውላ ነው። አንዱን «እከክ ነው የያዘህ!» ስትለው ደጅ የተሰለፈው ሁሉ ራሱን ማከክ ይጀምራል። ዓይን አፋር ሴቶች የቤት ጉዳይ ሲኖርባቸው እሷን ሸሽተው እስከ ዳባት በእግር ይሄዱ ነበር። ይህን ስትሰማ «ምን ያሳፍራል? በሽታ እንጂ ሌብነት መሰላቸው እንዴ!» ትል ነበር፤ ይህንንም የምትለው እየጮኸች ነው።

እኔ የቄስ ተገኘ ልጅ ነኝ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተችብኝ ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው፤ ዳዊት አስተምረውኛል፣ እንደ ሴት ምን እንደሚያጋጥመኝ ግን ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር። ለዲያቆን ምስጋናው ታጭቼ ነበር። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ በቁርባን ከተጋባ ነው። የታጨችለት ልጅ ስሟ ከጎደፈ የሚቀረው ሠርጉ ብቻ አይደለም፣ ቅስናውም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ስሜ የኔ ብቻ አልነበረም፤ የአባቴም፣ የምስጋናውም፣ የመቅደሱም ነበር። ሰው ሁሉ እንዳልሰበር የሚጠነቀቅልኝ ገንቦ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ሆዴ ያብጥ ጀመር። መጀመሪያ እምብርቴ አጠገብ አንዲት ክብ ነገር በእጄ ተሰማችኝ። አታመኝም፤ ስተኛ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ለማን ልንገር? ለአባቴ? ዝም አልኩ። እያደገች ስትመጣ መቀነቴን በላይዋ አጥብቄ መጠምጠም ያዝኩ። ስትብስብኝ ይበልጥ አጥብቄ አስራለሁ፤ እሷም እየተገፋች ወደ ታች ወረደች። ከላይ ወገቤ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ከመቀነቱ በታች ግን ቀሚሴ መነሣት ጀመረ። በራሴ እጅ እብጠቱን ገፍቼ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ እንዳስቀመጥኩት ያኔ ከየት ልወቅ።

አባቴ አንድ ቀን ቀሚሴን አዩና ጋቢያቸውን ለብሰው ክሊኒክ ወሰዱኝ። የክትባት ቀን ስለነበር ደጁ በእናቶችና በሕፃናት ተሞልቷል። ያልተዳረች ልጅ ብቻዋን አትገባምና አባቴ ተከትለውኝ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሲስተር ፀዳለ አልጋው ላይ አስተኛችኝ። ቀሚሴን ልትገልጥ ስትል እጄን ጫንኩባት፤ መቀነቴን ልትነካ ስትል ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሥራ በዝቶባት ነበርና አልታገለችኝም፤ በቀሚሴ ላይ፣ ከመቀነቱ በታች ዳሰሰችኝ።

«የወር አበባሽን መቼ ነው ያየሽው?»

አባቴ መቋሚያቸውን ያዝ ለቀቅ ሲያደርጉ ይሰማኛል። እኔ በእሳቸው ፊት ያንን ቃል ከምመልስ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ዝም አልኩ።

«አንቺን እኮ ነው! መቼ ነው የቀረብሽ?»

አሁንም ዝም። በእኛ አገር ልጃገረድ ስታፍርም ዝም ትላለች፤ ስታጠፋም ዝም ትላለች። ሁለቱን ዝምታ የሚለይ ሰው ብዙ የለም።

«አባቴ» አለች ወደ እሳቸው ዞራ፣ በዚያው በለመደችው ድምፅ፣ «ልጅዎ ነፍሰ ጡር ናት! አራት ወር ሳይሆናት አይቀርም! እንግዲህ አይምቷት፣ የሆነው ሆኗል!»

እንዳልመታ ማሰቧ ነበር። ደጅ የነበረው ጫጫታ ግን ጸጥ አለ። ሕፃናቱ እንኳ ማልቀስ ያቆሙ መሰለኝ። አባቴ ተነሥተው «እግዜር ይስጥልን» አሉና ወጡ፤ ተከትያቸው ስወጣ የተሰለፉት ሴቶች መንገድ ለቀቁልን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው የምስጋናው አባት ቤት ደርሶ ነበር።

አባቴ አልመቱኝም። ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ።

«ማነው አትጠገብ?»

«ማንም የለም አባባ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ከዚያ ወዲያ አላነሡትም። ያመኑኝ ይሁን ያላመኑኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሚቀጥለው እሁድ ግን ቅዳሴ አልገቡም። ማንም ሳይከለክላቸው ከካህናቱ መካከል ወጥተው ከምእመናኑ ኋላ፣ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ ላይ እንደ እንግዳ ቆመው ሳያቸው የተሰማኝን ሐፍረት፣ ያላጠፋሁት ሐፍረት ስለሆነ፣ የማወርድበት መንገድ አልነበረኝም። ያጠፋ ንሥሐ ይገባል። ያላጠፋ ምን ይገባል?

አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ወዳለው ጽድ ልምጣ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ሌሎቹ በዋናው በር አጠገብ ይቆማሉ። እኔ ግን የቄሱ ልጅ ነኝ፤ እዚያ ብቆም አባቴን የሚያውቅ ወንድ ሁሉ ጉዴን ያውቃል ብዬ፣ ለአካለ መጠን ከደረስኩ ጀምሮ በጀርባ በኩል፣ ሰው የማያልፍበት ትልቅ ጽድ ሥር ነበር የምቆመው። ከዚያ ሆኜ የቄሶቹን ድምፅ እሰማለሁ፤ የሚያየኝ ግን የለም። ምስክሬ የሚሆነውን ነገር ሁሉ በገዛ እጄ ደብቄ ነበር።

ሲስተር ፀዳለ አንድ የማርያም ዕለት የክትባቱን ሳጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ ወደ ገጠር ስትወጣ በአቋራጭ በአጥሩ ጀርባ መጣች። አየችኝና ቀጥ ብላ ቆመች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«አባረሩሽ እንዴ? እኔ ባልኩት ነገር?» ድምፅዋ ሲወርድ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

«አላባረሩኝም።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ውስጥ ሆኖ አንቺ ለምን ጫካ ውስጥ ትቆሚያለሽ?»

አባቴ በአጠገቤ አልነበሩም። ጽዱና እሷ ብቻ ናቸው። «ደም ላይ ነኝ» አልኳት።

«መቼ መጣብሽ?»

«ትናንት።»

«ባለፈውስ ወር?»

«ባለፈውም እዚሁ ነበርኩ። ከዚያም በፊት። በየወሩ እዚሁ ነኝ።»

ሳጥኑን ከትከሻዋ አወረደች። የሷ ፊት ጠቆር ያለ ነው፤ ሲገረጣ አይታወቅም፤ ግን ከንፈሯ ደረቀ። «ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«አባባ ተቀምጠው ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣኝ ነበር። ወይም «አንዳንዴ በእርግዝናም ደም ይታያል» ብሎ ቃሉን ለማዳን ይከራከር ነበር። እሷ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታይ ቆየች። «እኔ እኮ አባትሽን ውጡ ማለት እችል ነበር» አለች። ከዚያ ተነሥታ «ከገጠር ስመለስ ቤቴ ነይ፤ ማንንም አታስከትይ» ብላኝ ሄደች።

ቤቷ አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረች። በሩን ዘጋች፤ መስኮቱ ላይ አንሶላ ሰቀለች። መጀመሪያ ደጅ ወጥቼ ውሃ ሽንቴን ሸንቼ እንድመለስ አደረገችኝ። ስመለስ አልጋዋ ላይ ጉልበቴን አጥፌ እንድተኛ ነገረችኝ። እጆቿ ቀዝቅዘው ስለነበር ብብቷ ውስጥ ከትታ አሞቀቻቸው። ከዚያም፣ እንግዲህ ዛሬም ድረስ በጆሮዬ ያለውን ቃል፣ በሹክሹክታ ተናገረችኝ።

«መቀነትሽን ፍቺ።»

«ሲስተር፣ እባክዎን…»

«እኔም ዞሬ እቆማለሁ። አንቺው ፍቺው።»

ፈታሁት። በሆዴ ላይ የቀረው ሰንበር እንደ ገመድ ነበር። ፊቷን ስትመልስ ያንን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ያ እብጠት መቀነቱ ሲለቀው ከታች ተነሥቶ እምብርቴ ጋ ሄደ፤ እንደ ተፈታ ጥጃ ወደ ለመደበት ማለት ነው። በእጇ ዳርቻ ከታች፣ ከአጥንቱ በላይ፣ ቀስ አድርጋ ተጫነች። እጇ ገባ። በእብጠቱና በአጥንቱ መካከል ለእጇ ባዶ ቦታ አገኘች። ደጋግማ ሞከረችው። ከዚያ ወደ ጎን ገፋችው፤ ሄደላት። ወደ ታች ስትገፋው ግን ተመልሶ ወደ እምብርቴ መጣ። የልጅ ልብ የሚያዳምጡባትን የእንጨት መለከት አምጥታ ጆሮዋን ጫነች፤ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«አትጠገብ፣ ልጅ የለም» አለችኝ። «ከማኅፀን የሚመጣ ነገር ሥሩ ታች ነው፤ እጅ ከሥሩ አይገባም። ይሄ ከሥሩ እጄን አስገብቷል። ከታች የመጣ አይደለም፤ ከአንጀትሽ ዙሪያ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። ልጅ ግን አይደለም።»

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ እኔ ያለቀስኩት ስለታመንኩ ነው። ስለታመምኩ መፍራት እንኳ ትዝ አላለኝም።

ጎንደር ለመውረድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልግ ነበር፣ መኪናም አልነበረም። ከሊማሊሞ የሚመለስ የወታደር ኡራል መኪና መንገድ መካከል ቆማ አስቆመች። ወታደሩ «ሲቪል አልጭንም» ሲል ያቺ የድሮ ድምፅዋ ተመለሰች፤ ምን እንዳለችው ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ከኋላ ተጭነው፣ እኔና እሷ ከሾፌሩ ጎን ሆነን ጎንደር ገባን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከግንባር በሚመጣ ቁስለኛ ብዛት እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ ለመንገዱ መቀነቴን መልሼ አጥብቄ ታጥቄ ነበር። በወንድ ፊት ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም። እሱም እንደ ሲስተር ፀዳለ የመጀመሪያ ቀን፣ በቀሚሴ ላይ ዳሰሰኝና «ከማኅፀኗ ወይም ከእንቁላል ዕጢዋ የበቀለ እብጠት ነው። ኦፕራሲዮን ትሆናለች። ማኅፀኗም አብሮ መውጣቱ አይቀርም» አለ።

«ዶክተር፣ ከታች አልመጣም። እጄ ከሥሩ ገብቷል።»

«እኔም መርምሬያለሁ፣ ሲስተር።»

«መቀነቷን አስፈትተሃታል?»

ሐኪሙ መቀነቴን አየ። እሷም ወደ አባቴ ዞረች። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደጅ ይቆዩልን።» አባቴ ወጡ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ያንኑ ቃል ተናገረችኝ። ፈታሁ፤ ሐኪሙ ሳይነገረው ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ጠበቀ። ለዚህች ምግባሩ ዛሬም እመርቀዋለሁ። ሲመለስ እጁ ከሥሩ ገባ። እንደገና ሞከረው። ከዚያ እሷን ቀና ብሎ አያትና «ከፍተን እናያለን፤ ማኅፀኑ ንጹሕ ከሆነ አልነካውም» አለ።

«ማልልኝ።»

«ሲስተር!»

«ማኅፀኗ ከወጣ ‹ከነልጁ አወጡት› ነው የሚሏት። ይቺ ልጅ ታማ አይደለም የመጣችው፤ ነፍሰ ጡር ተብላ ነው የመጣች። ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚህ ስትወጣ ስሟንም ይዛ ነው መውጣት ያለባት።»

ሐኪሙ አልማለም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ድረስ እንድትገባም ፈቀደላት። ከነቃሁ በኋላ እሷ ናት የነገረችኝ። እብጠቱ አንጀትን እንደ መጋረጃ ሰብስቦ በያዘው ስስ ሥጋ ላይ ነበር የበቀለው፤ ከጎረምሳ ጡጫ ይተልቃል። ማኅፀኔና ዕጢዎቼ ንጹሕ ነበሩ። ሐኪሙ ቆርጦ ካወጣው በኋላ ጓንቱን ሳያወልቅ «እጅሽ ልክ ነበር» አላት። እሷ ግን ይህን ስትነግረኝ አልተኩራራችም። «ልክ የሆነው በሁለተኛው ቀን ነው» አለች።

እስከዚህ ያለው ጥሩ ነርስ የምትሠራው ሥራ ነው። እኔ የማልረሳት ግን ከዚያ በኋላ ስለመጣው እሁድ ነው። ከጎንደር ተመልሰን ገና ቀና ብዬ መራመድ ሳልችል፣ ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲፈስስ፣ ሲስተር ፀዳለ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ተከናንባ፣ ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ቆመች። ቀሚስ ለብሳ ያየናት ያን ቀን ነው። ዘመኑ የመንግሥት ሠራተኛ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ንግግር የሚያደርግበት አልነበረም፤ የቀበሌው ካድሬ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ያያል። እሷ አላየችውም፤ ወይም አይታው ንቃዋለች።

«ወገኖቼ!» አለች፤ ያ ድምፅ እንደ ድሮው ከጽዱ እስከ ወፍጮው ሄደ። «የቄስ ተገኘን ልጅ ነፍሰ ጡር ናት ያልኩት እኔ ነኝ! ሳልመረምር ነው የተናገርኩት! ልጅቷ ያላጠፋችው ጥፋት የለም… አይ፣ ምን አልኩ፣ ያጠፋችው ጥፋት የለም! አንጀቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ታማ ነበር! ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ! ድንግል ናት፤ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ!»

ቃሏ ተምታቶባት መሳቷን ያየ አንድ ጎረምሳ ሳቀ። ሌላ ማንም አልሳቀም። አባቴ ከአጥሩ ሥር መጥተው «ልጄ፣ ይሄ በጓዳ ይበቃ ነበር» አሏት።

«በአደባባይ ያጠፋሁትን በጓዳ አልመልሰውም፣ አባቴ» አለችና እግራቸው ላይ ወደቀች። አባቴ አነሥተዋት መስቀላቸውን አሳለሟት። በሚቀጥለው እሁድ መቅደስ ገቡ።

ሁሉም አመነ ብል ውሸት ነው። «ጎንደር ወስደው አራግፈዋት መጡ» ያሉ ነበሩ። ምስጋናውም በነገሩ መሐል ሌላ ታጭታለት ስለነበር በዚያው ቀረ፤ ኋላ እኔ አስተማሪ አግብቼ ልጆች ወለድኩ፣ ማኅፀኔ ምስክርነቱን በራሱ ጊዜ ሰጠ። እኔ ዛሬም የማፍረው በሌላ ነው። እሷ በአደባባይ ባዶ እግሯን ቆማ ስትጮህ፣ በወሬው ቀን ክሊኒኩ ደጅ ከተሰለፉት አንዲቷ እንኳ «እኛም አውርተናል» አላለችም። እንዲያው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደየቤታቸው ሄዱ። በከተማችን አፍራለሁ። አንዲት መጤ ሴት የሁላችንን ዕዳ ተሸክማ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ ተለወጠ። በጣውላው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች፤ ተሰላፊውን ከባሕር ዛፉ ሥር አርቃ አስቀመጠች፤ ባልም ሆነ አባት ደጅ ይቆያል። ካድሬው «ምን የሚደበቅ ነገር አለ?» ቢላት «የሚደበቅ ነገር እንዳይኖር ነው» አለችው። ሴት ስትተኛላት የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል «መቀነትሽን ፍቺ» ሆነ። ልጆች ከሩቅ ሲያይዋት «መቀነትሽን ፍቺ መጣች!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ። እኔን ረዳት አድርጋ ቀጠረችኝ፤ እጄን በእጇ ይዛ መዳሰስ አስተማረችኝ። «እጅሽ ከሥሩ ገባ?» ትለኛለች ሁልጊዜ። ለቅሶ ቤት ያወሩለት ያ ለስላሳ ድምፅ እንግዲህ የኔ ነው። በኔ የተማረችው ነው።

ዘመን ተለወጠ፣ እሷም ጎንደር ተዛወረች፣ ጡረታ ወጣች። ባል አላገባችም፤ የእህቷ ልጅ ሕይወት አብራት ትኖር ነበር። በየጥምቀቱ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ባለፈው ስሄድ ሱሪዋን ትታ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧ ላይ ነጠላ ጠምጥማ አገኘኋት። ያንን አጠማጠም ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ነጠላውን አያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የእህቷ ልጅም ታውቀዋለች፤ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ዘግይታችኋል አሉን። እሷ የማታውቀው ገበያ ወጥታ ሳለች የሆነውን ነው።

«ሲስተር» አልኳት፣ «መቀነትዎን ይፍቱ።»

ሳቀች። «ሂጂ ወዲያ፣ መሸምገሌ እኮ ነው።»

«ይፍቱልኝ።»

ሳቋን ተወች። ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ብቻችንን ሆነን ሳለ መስኮቱንም ዘጋች። አልጋዋ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅኋቸው፤ ለማዘግየት ያህል ብዙ አሞቅኋቸው። ከዚያ ከአጥንቱ በላይ ቀስ አድርጌ ተጫንኩ። ድንጋይ ነበር። በግራ ሞከርኩ፣ በቀኝ ሞከርኩ።

«ገባ?» አለችኝ፣ ጣሪያውን እያየች።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። ያስተማረችኝ እጅ ግን አልዋሽ አለ። «አልገባም።»

«እኔም ሞክሬዋለሁ። አይገባም።»

«መቼ ነው ያገኙት?»

«ቆየ።»

«ለምን ለሐኪም አላሳዩም? እርስዎ? ያን ሁሉ ሴት መቀነቷን ያስፈቱ?»

ተነሥታ ቁጭ አለች። ከጽዱ እስከ ወፍጮ የሚሰማው ድምፅ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ የማይሰማ ሆኖ ነበር።

«አፈርኩ» አለችኝ።

ነጠላውን መልሳ ስትታጠቅ ቋጠሮውን እኔ አሰርኩላት።